ስም የተለጠፈበት ዕቃ

«እሁድ ስመለስ የሣር ማጨጃውን ጭኜው ልሂድ» አለ ሌይፍ፣ የጎረሰውን ፓስታ ሳይውጥ። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል፣ እማ? የሚስቴ ወንድም ይፈልገዋል።»

እናቱ አርዲስ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ሳትል «እስቲ እናያለን» አለችው።

እዚህ ኖርዳል መንደር ውስጥ የኖረ ሰው «እናያለን» ማለት «ሞቼ ነው ቆሜ?» ማለት መሆኑን ያውቃል። ሌይፍ ግን ሃያ ዓመት ፋርጎ ከተማ ስለኖረ እሺ ያለችው መሰለውና ሁለተኛ ሳህን ፓስታ ቀዳ።

አርዲስ በዚያ ሳምንት ሥራዋ ሳህን ማጠብ ነበር። ባሏ ሃርላን ሰኞ ከሰዓት ሞተ። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ የመንደሩ ሴት ሁሉ በምድጃ የተጋገረ ነገር ይዛ በጓሮ በር ትገባለች። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ደረት አይመታም፤ ድንች ይጋገራል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኛ እንባ ግን አይብ ተነስንሶበት፣ ፎይል ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ የመጋገሪያ ሳህን ሥሩ ላይ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቷ ስም ተጽፎበታል። ምግቡ ያልቃል፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ ስሙ ይነበብና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስም ያለው ሳህን ጠፍቶ አያውቅም።

«ኧረ ተይው እሱን ሳህን፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለች ላቮን። ላቮን የአጥር ጎረቤት ናት፤ አጥር ባይኖርም። ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያ ወጥ ቤት ወንበር የተነሣችው ለመተኛት ብቻ ነው። «ይልቅ እህል ቅመሺ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባዶ ሆድሽን ነሽ።»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

«የሆነ ነገር።»

ላቮን ወደ ሌይፍ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። «አፓርታማውን አሳየሃት?»

ሌይፍ ስልኩን አወጣ። ፋርጎ፣ ከእሱ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ደረጃ የሌለው አፓርታማ አግኝቷል። መጸዳጃ ቤቱ እየያዙ የሚነሡበት ብረት አለው። በረዶውን ሌላ ሰው ይጠርጋል፣ ሣሩን ሌላ ሰው ያጭዳል። አርዲስ እጇን በፎጣ እያደረቀች ፎቶውን አየችና «ጥሩ መስኮት አለው» አለች። ክፉ ነገር አልተናገረችም። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ የሚለውም ከፍቅር ነው፤ ከፍቅር የመጣን ነገር እምቢ ማለት ደግሞ ማንም አላስተማራትም። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ አርባ አራት ዓመት ከኖረችበት ቤት ወጥታ የትም መሄድ አልፈለገችም።

ነገሩን ያከበደው ማጨጃው ነው። በእኛ አገር የሣር ማጨጃውን ለበረዶ ወራት አሰናድቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ጸደይ ላይ እዚያው ቤት እንደሚገኝ የቆረጠ ሰው ነው። ሊሰጠው ያሰበውን ማጨጃ ማንም ዘይት አያጠጣም። ሌይፍም ይህን ስለሚያውቅ ነው አስቀድሞ ማጨጃውን የጠየቀው፤ ማጨጃው በፒካፑ ላይ ከወጣ እናቱም ቀስ ብላ እንደምትከተል ገብቶታል። ሬዲዮው ደግሞ ሐሙስ ማታ ብርቱ ውርጭ ይወርዳል ብሏል።

ሃርላን ከመጀመሪያው ውርጭ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ይህን ሥራ ሳይሠራ የቀረበት ጥቅምት አልነበረም። አርዲስ አርባ አራቱንም በወጥ ቤቱ መስኮት አይታለች። ያየችው ግን ጀርባውን ነው። ጎንበስ ያለ ሰፊ ጀርባ፣ ቡናማ ካፖርት፣ አልፎ አልፎ አንድ ክንድ። እጁ የሚሠራውን ጀርባው ይጋርደዋል።

ሃርላን የእህል ጎተራው ሠራተኛ ነበር፤ በቀን ውስጥ የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። ሣር ሲያጭድ ግን ሰው መኪናውን አቁሞ ያይለት ነበር። መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ሌይፍ የስምንት ዓመት ልጅ በነበረበት ሐምሌ፣ የመከሩ ሥራ ሃርላንን ጎተራው ላይ እያስመሸው ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ አርዲስ «ደስ ይበለው» ብላ ራሷ አጨደችው። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። አንድ አበባ አብሮ ታጨደ፣ መስመሩም እዚህም እዚያም ተጣመመ፤ እሷ ግን ኮርታበት ነበር። ሃርላን መጣ፣ ግቢውን አየ፣ እራቱን በላ። ከዚያ ተነሣና ማጨጃውን አስነሥቶ ግቢውን በሙሉ እንደገና አጨደው፤ ቀጥ አድርጎ። አንድ ቃል አልተናገራትም። እሷም አልተናገረችም፤ ማጨጃውንም ሁለተኛ አልነካችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ባይነቅዝም በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ይመርራል።

ሐሙስ ጠዋት ሌይፍ ለቅዳሜው ቀብር መዝሙር ሊመርጥ ቄሱ ዘንድ ሄደ፤ ላቮንም ቤቷ ገብታ ነበር። አርዲስ የሃርላንን ቡናማ ካፖርት ለብሳ ጋራዥ ገባች።

መሣሪያው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሃርላን የእያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ስሎ ቦታ ቦታውን አሲዞታል። መዶሻ ቢነሣ መዶሻ የሚያህል ባዶ ስዕል ይቀራል። ማጨጃው ጥግ ላይ ቆሟል፤ የመጨረሻው ሣር ጎማው ላይ ደርቋል። አጠገቡ አንድ የወጥ ቤት ወንበር አለ። ወንበሩን ስታይ ቆም አለች።

ወንበሩን ያመጣችለት እሷ ነበረች፣ መስከረም ላይ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት ከላኩት በኋላ፣ አንድ ቀን ሃርላን ወንበር ጋራዥ ውስጥ እንድታስገባለት ጠየቃት። ገባና በሩን ዘጋው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልወጣም። ሾርባ ይዛለት ስትገባ ጣፋጭ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ሸተታት፤ እሱም አንድ ነገር ካፖርቱ ሥር ሸጎጠ። ንዴቷን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ስንት ቀን እንደቀረህ ሳታውቅ እኔን ትተህ ከብረት ጋር ትቀመጣለህ?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት፣ ቀና ሳይል።

ሾርባውን ወለሉ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። በዚያው ሰሞን ለላቮን የልደት ግብዣ ጥፍሯን ልትቀባ ብትፈልግ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አጣችው፤ ለሌይፍ ሠርግ ገዝታው አንድ ቀን ብቻ የተቀባችው። «ማን ይሰርቀዋል?» አለ ሃርላን። «መጠበቅ ሰልችቶት ሄዶ ይሆናል።» ያን ዕለትም አልሳቀችለትም። አሁን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።

እንዴት እንደሚጀመር ትንሽ ታውቃለች። ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ አስቀድሞ የካንዴላው ጥቁር ቆብ ይነቀላል፤ ይህን ሃርላን ለሌይፍ ሲነግረው ሰምታለች። ነቀለችው። ቆቡ ላይ ሁለት ቀይ ጠብታ ነገር ነበር፤ ቀለም የተንጠባጠበበት መስሏት አለፈችው። ቀጥሎ ማጨጃው ይጋደማል፣ ሆዱ ይፋቃል። ሃርላን ሲያጋድመው በመስኮቱ አይታለች። በየትኛው ጎኑ እንደሚያጋድመው ግን ጀርባው አላሳያትም። አርዲስ በቀረባት በኩል ይዛ ገፋችው፣ ተጋደመ።

ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። በቢላ እየፋቀች፣ የደረቀው ሣር እየተላቀቀ፣ እንዲያውም እያንጎራጎረች። ከዚያ ጉልበቷ ሥር እርጥብ ነገር ተሰማት። ጥቁር ዘይት ከሞተሩ እየወረደ የአየር ማጣሪያውን ሞልቶ፣ ሃርላን በየሳምንቱ ይጠርገው በነበረው ወለል ላይ ተንጣሏል። ተሯሩጣ አቆመችው። ቆቡን መለሰች፣ ማስነሻ ገመዱን ሳበች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ማጨጃው እንደ ሰው ሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ።

አርዲስ ያኔ አለቀሰች። ሰኞ ያላለቀሰችውን፣ ማክሰኞ ያላለቀሰችውን፣ ለፈሰሰ ዘይት አለቀሰችው። ሌይፍ መጥቶ ይህን ቢያይ አንድ ቃል መናገር እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ማጨጃ ማጋደም የማትችል ሴትዮ ብቻዋን ስድስት ወር በረዶ ውስጥ ልትቀመጥ ነው? እንዲህ ቢያስብ አላግባብ አልነበረም። ራሷም ተጠራጠረች። ሃርላን ያኔ እንደገና ማጨዱ ልክ ነበር ማለት ነው ስትል አሰበች።

አፍንጫዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጋ፣ በዚያው እጅጌ የማጣሪያውን ክዳን ከዘይት አጸዳችው። ከዘይቱና ከሣሩ ብናኝ ሥር ቀይ ነገር ወጣ። ጠበቅ አድርጋ አሸችው። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ነው። ከቀስቱ ሥር ሦስት ነጥብ፤ ሦስቱም እኩል፣ ሦስቱም ቀጥ ብለው የተሰለፉ። የሌይፍ ሠርግ ቀለም።

ቆቡን ተመልሳ አየችው። ሁለት ነጥብ። ጠብታ አልነበረም። የቤንዚኑ ክዳን ላይ አንድ ነጥብ አለ። ግድግዳው ላይ የመፋቂያው እጀታ አራት ነጥብ አለው። የሞተር ዘይቱ ቆርቆሮ ላይ በክር የታሰረ የሾርባ ማንኪያ አለ፣ እሱ አምስት። አርዲስ ማንኪያውን አገላብጣ አየችውና «አንተ!» አለች፣ ባዶው ጋራዥ ውስጥ፣ ጮክ ብላ። የሠርጓ ማንኪያ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲፈለግ ኖሯል፤ አማቷን ጠርጥራ ነፍስ ይማር ሳትል ቀብራታለች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ያን ሁሉ ሰዓት እየተንቀጠቀጠ፣ በዚያች ትንሽ ብሩሽ፣ ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ለሌይፍ አይደለም፤ ሌይፍ ያውቀዋል። ለሚገዛው ሰውም አይደለም። ይህን ስታስብ ልቧ ሞቀ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። አፍ አልነበረውም እንዴ?

ዓርብ ጠዋት ላቮን የጓሮውን በር ከፍታ ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምን እየጋገርሽ ነው?»

ምድጃው በር ላይ፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ፣ አንድ ጥቁር ስፖንጅ ተዘርግቷል። የማጣሪያው ስፖንጅ ነው። አርዲስ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባ፣ በፎጣ ጨምቃ እያደረቀችው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ያጠበች ሴት ቅባት ማስለቀቅ አያቅታትም።

«ማጣሪያ ነው።»

«የምን?»

«የማጨጃው።»

ላቮን ስፖንጁን አየችው፣ ሌይፍ የተኛበትን ክፍል በር አየችው፣ አርዲስን አየቻት። «እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ጨው እንዳታበዢበት።»

ከሰዓት በኋላ ሃርላን በቀብር አሰናጆቹ ቤት ለስንብት ተጋድሞ ዋለ። እኛ ዘንድ ሕዝቡ ይሰለፋል፤ አንድ በአንድ ያየዋል፣ ባለቤቱን ይጨብጣል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያልፋል። የዚያን ዕለቱ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም አንድ ነበር። «ሣሩ፣ አርዲስ። እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚያጭድ አልነበረም።» እሷም «አዎ» ትላለች፣ «ቀጥ ያለ ነበር።» ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። መቶ ሰው ጨብጧት፣ መቶውም ከሄደ በኋላ እጇ ከመቼውም በላይ ባዶ ሆነባት።

ኪሷ ውስጥ የወረቀት ፕላስተሩ ጥቅል ነበር። ከሳህኖቹ የተላቀቀውን ስም ስትተካ ከርማ ረስታው ይዛው ወጥታለች። በጣቶቿ እያሻሸችው ነሐሴን አስታወሰች። ሃርላን መጀመሪያ ሆስፒታል ሲገባ፣ ፒጃማውን ስታጣጥፍለት፣ «ለኔም ለጥፊልኝ እንጂ» አላት። «ምን?» «ስም ነዋ። ያለዚያ የሌላ ሰው ባል ይሰጡሻል።» ሃርላን ከዚያ በፊት ቀልዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ከት ብላ ሳቀች። ፕላስተር ቆርጣ «አርዲስ» ብላ ጻፈችና የፒጃማው አንገት ውስጥ ለጠፈችው። በአሥር ቀኑ ተመለሰ። አንገቱን ገልጦ እያሳያት «ሠርቷል» አላት።

ሰኞ ጠዋት አምቡላንሱ ሲመጣ ግን ፕላስተር ያስታወሰ የለም። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ሰዓቱ አልፎ ነበርና ልታዛውራት ወረደች። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስትመለስ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አርዲስ ሞኝ አይደለችም፤ ፕላስተር ሰው እንደማይመልስ ታውቃለች። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን ባገላበጠች ቁጥር ያ ያልተለጠፈ ስም ይወጋታል። አሁን ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ፣ ‹ቆርጬ ብለጥፍበትስ?› ብላ አሰበች። ግን ሰልፉ ገና አላለቀም፤ ሰውም እያየ ነበር።

ቅዳሜ ቀበሩት። መሬቱ ከላይ ውርጭ ይዞት፣ አፈሩ ሲወድቅ ኮሽ ኮሽ ይል ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዶ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና ካሮት የተፈቀፈቀበት፣ ጄሎ የሚሉትን አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ በላ። ላቮን ሁለት ስኒ ቀጭን ቡና ይዛ መጥታ አርዲስ አጠገብ ተቀመጠች። ለአንዴ ድምፅዋ በእውነት ዝቅ ብሎ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ግሌን ነው የነገረኝ፣ እኔ አልነበርኩም።» ግሌን ባሏ ነው። «መስከረም ላይ ሃርላን እኛ በረንዳ ድረስ በእግሩ መጣ አሉ። እንዴት እንደመጣ እንጃ፤ ሦስቴ አርፎ ነው አለ ግሌን። መጥቶ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹እኔ ስሞት ማጨጃህን እየገፋህ እኛ ግቢ ለመግባት እንደምትቸኩል አውቃለሁ። እሷ ካልጠራችህ አትግባ።›»

አርዲስ ስኒውን አስቀመጠች።

«‹መስመሯ ይጣመማል› አለው። ‹ዝም ብለህ እየው። እኔ አንድ ጊዜ አስተካክዬባት ዕድሜ ልኬን ቆጭቶኛል።› ሰላም እንኳ ሳይል ተነሥቶ ሄደ። ማክሰኞ ልነግርሽ ነበር፤ ሌይፍ ስለ አፓርታማው ሲያወራ ምን ብዬ መሀል ልግባ?»

«ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች አርዲስ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ላቮን! አንድ ወጥ ቤት ውስጥ!»

«ወንዶቻችንን አታውቂያቸውም? እኔስ ግሌን ይወደኝ አይወደኝ የማውቀው ጠዋት ወጥቶ መኪናዬን ሲያሞቅልኝ አይደል?» ላቮን ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱም ጄሎውን እያዩ ተቀመጡ።

ቤት ሲደርሱ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አርዲስ የቀብር ልብሷን ሳትቀይር፣ የሃርላንን ካፖርት ከላይ ደርባ፣ የደረቀውን ስፖንጅ ይዛ ጋራዥ ገባች። ስፖንጁን ቦታው መለሰች፣ ካንዴላውን ፈትታ ጠረገች፣ የፈሰሰውን ዘይት ያህል ጨመረችበት። ከዚያ ነጥቦቹን ከአንድ ጀመረች፤ ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ከርሞ እንዳይበላሽ አስነሥቶ ማስጨረስ ነው።

ገመዱን ሳበች። ምንም። ሳበች። ጭስ። ሦስተኛው ላይ ክንዷ ከትከሻዋ የሚወልቅ መሰላት። ‹እባክህ› አለች፣ ማንን እንደለመነች ሳታውቅ። በአራተኛው ተነሣ። መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ነጭ ጭስ ጋራዡን ሞልቶ፣ ከዚያ ጠርቶ በደንብ ይጮህ ጀመር።

ሌይፍ ድምፁን ሰምቶ ከበስተኋላ መጣ። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ማጨጃውን ፒካፑ ላይ የሚያወጣባቸውን ሁለት ሣንቃዎች ታቅፏል።

«እማ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቤንዚኑን እያስጨረስኩ ነው።»

«እኔ እኮ ልጭነው ነው! ባዶ ታደርጊዋለሽ እንዴ?»

«ቁም እስቲ። ይጨርስ።»

ቆመ። እናቱ እንዲህ ባለ ድምፅ አዝዛው የማታውቅ ሴት ናት። ሁለቱም ማጨጃውን እያዩ ቆሙ። ረዥም ጊዜ ነው የወሰደው፣ ሩብ ሰዓት ግድም። ሌይፍ «ገብተሽ ሙቂ፣ እኔ አጠፋዋለሁ» አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ ድምፁ ተለወጠ። ዝቅ አለ፣ ተመለሰ፣ ዝቅ አለ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ ጮኸና ቆመ። ጋራዡ ጸጥ አለ። አርዲስ ጎንበስ ብላ እጇን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ገና ይሞቅ ነበር። ሙቀቱ እየቀዘቀዘ እስኪሄድ ድረስ አላነሣችውም።

«የአባትህ ጊዜ መኪና ላዛውር ወጥቼ ነበር» አለች። «ይኼን እንኳ ቆሜ ሸኘሁት።»

ሌይፍ ሣንቃዎቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አፉን በእጁ ያዘ። ከሰኞ ጀምሮ ስልክ ሲደውል፣ ወረቀት ሲፈርም፣ ሰው ሲያስተናግድ የነበረው ሰውዬ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቱ አላባበለችውም፣ መፋቂያውን ሰጠችው።

«ሁለት፣ ቆቡን ንቀል» አለችው። «ሦስት፣ ቀስቱ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድመው። በዚያ በኩል አይደለም። በዚያ በኩል አንዴ ተሳስቻለሁ።»

ሌይፍ ጎንበስ ብሎ ቀዮቹን ነጥቦች አያቸው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«አባትህ ነው።»

ሌይፍ ቀስቱን ወደ ላይ አድርጎ ማጨጃውን አጋደመው። ሆዱን ፋቀ፣ እሷ ጠረገች። ካንዴላውን ፈታ፣ እሷ በሠርጓ ማንኪያ ዘይት ለክታ በቀዳዳው አጠጣችው፤ ገመዱን ቀስ ብላ ሳበችለት፣ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እንዲዳረስ። ካንዴላውን መልሶ አጠበቀ። አሮጌ አንሶላ አልብሰውት ጥጉ ላይ አቆሙት።

ከዚያ ሌይፍ ሣንቃዎቹን አየ፣ እናቱን አየ። «እና... ነገስ?»

አርዲስ ከቀብር ልብሷ ኪስ የፕላስተሩን ጥቅል አወጣች። በጥርሷ ቆረጠች። ከሃርላን ጠረጴዛ እርሳስ አንሥታ፣ ፕላስተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በትልቁ «አርዲስ» ብላ ጻፈችበት፤ ማጨጃው እጀታ ላይ ለጠፈችው።

ሌይፍ አነበበው። ፋርጎ ሃያ ዓመት ቢኖርም ኖርዳል ያደገ ልጅ ነው፤ ስም የተለጠፈበትን ዕቃ ይዞ አይሄድም። ሣንቃዎቹን ታቅፎ ቀስ ብሎ ወጣ።

አርዲስ ብቻዋን ቀረች። ብርዱ የፕላስተሩን አንድ ጫፍ አላቆት ወደ ላይ ተጠቅልሏል። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ስትለቀው ተመልሶ ተነሣ። እንደገና ተጫነችውና፣ እጇ ብረቱን አሙቆ ፕላስተሩ እንዲይዝ፣ እንደተጫነችው ቆመች።